ከምግብ ጋር ለተጣላች ጓደኛዬ የተመቸ ምግብ ቤት

ይሄ የምግብ ቤት አስተያየት ነው። ስለ ሽሮውም፣ ስለ ጥብሱም፣ ስለ ዋጋውም እጽፋለሁ። ግን ቤቱን የምወደው ለሽሮው ብዬ አይደለም። ጓደኛዬ ከታመመች ወዲህ ከቤቷ ውጭ ቁጭ ብላ፣ እጇ ሳይንቀጠቀጥ የበላችው መጀመሪያ እዚህ ነው።

ስሙን አልጽፍም። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እዚያ ስለሆንን፣ ስሙን ከጻፍኩ እሷን በጣቴ እንዳሳየኋችሁ ይቆጠራል። ሰሜን ለንደን ውስጥ ያለ ትንሽ የሀበሻ ቤት ነው፤ ጠረጴዛው አሥር አይሞላም። ጽሑፉን ከመለጠፌ በፊት አንብባዋለች። ሁለት አንቀጽ አስወጣችኝ፣ የቀረው ይውጣ አለች። ኪሎም ካሎሪም እዚህ ውስጥ አታገኙም። እንዲህ የታመመ ሰው የሌላውን ቁጥር ሲያይ "እኔ እኮ ገና ነኝ" ብሎ ይብስበታል፤ ይህን ያስተማረችኝ እሷ ናት።

በሽታው አኖሬክሲያ ይባላል፤ እወፍራለሁ በሚል ፍርሃት ምግብ የሚያስተው ሕመም ነው። በአማርኛ የለመድነው ስም ስለሌለው እኛ ሰፈር "ከምግብ ተጣላች" ነበር የሚባለው። ከሁሉም የአእምሮ ሕመሞች ብዙ ሰው ከሚገድሉት አንዱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረውም በአሥራዎቹ ዕድሜ ነው። ሴት ልጅ ብቻ አይደለም የሚይዘው፣ ወንዶችም ይታመማሉ። አሁን ሃያ ዓመታችን ነው። እሷ የታመመችው በአሥራ አምስት ዓመቷ ነው።

ስለ ምግብ ቤቱ ከመናገሬ በፊት እንዴት እንደጀመረ ልንገራችሁ፣ አለዚያ ቤቱን ለምን እንደማደንቀው አይገባችሁም።

ኮቪድ መጥቶ ሁላችንም ቤት ስንዘጋ እሷ "ጤናማ አመጋገብ" ጀመረች። መጀመሪያ ስኳር ቀረ። ከዚያ ዳቦ ቀረ፣ ከዚያ እንጀራ። ስልኳ ላይ ካሎሪ የሚቆጥር አፕ ጫነች። እንግሊዝ ውስጥ ትምህርት ቤቶች ዳግም የተከፈቱት እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 2021 ሰኞ ነው፣ በዚያው ሰኞ ደግሞ ዐቢይ ጾም ገባ። ለሁለት ወር በስልክ ብቻ ያየኋትን ልጅ በአካል ሳያት ደነገጥኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ምንም አልያዘችም። "ጾም ገባ እኮ" አለችኝ። ምን ብዬ ልከራከራት?

55 ቀን ሙሉ ማንም አልጠየቃትም። እናቷ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ለንደን ያደገች ልጅ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትጾም ማየት ለእናት ትልቅ ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚያገኟት ሴቶች "ተባረኪ የኔ ልጅ" ይሏታል። ፋሲካ ሲሆን ዶሮው ቀረበ፤ እሷ ግን ሆዴን አመመኝ ብላ ተነሳች። በሚቀጥለው ረቡዕ ትምህርት ቤት ምሳዬን ላካፍላት ስል "ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው" አለችኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ይህን እሷ ከእኔ በላይ ታውቃለች፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገች ልጅ ናት። ጾሙን የያዘው በሽታው ነበር ማለት ነው።

ጾምን እየወቀስኩ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን የታመመ ሰው እንዲጾም አታስገድድም፣ የንስሐ አባቷም በኋላ ሲነገራቸው ሐኪም ያዘዘልሽን ብይ ብለው በግልጽ ነገሯት። ችግሩ እኛ የማንጠይቅ መሆናችን ነው። በጾም ስም የተተወ ምግብ ሲሆን ዓይናችንን ጨፍነን እናልፋለን።

ሌላም ያሳሳተኝ ነገር ነበር። ሌት ተቀን ስለ ምግብ ነበር የምታወራው። የማብሰያ ቪዲዮ ታያለች፣ ለክፍሉ ሁሉ ኬክ ጋግራ ታመጣለች፣ ሁላችንም ስንበላ ቆማ ታየናለች። ምግብ የጠላ ሰው እንዲህ ያደርጋል ብዬ አላሰብኩም። በኋላ ያነበብኩት አንድ የድሮ ጥናት ነው ያስረዳኝ። እ.ኤ.አ. በ1945 አሜሪካ ውስጥ፣ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ፈቅደው ለስድስት ወር ያህል ምግባቸው በግማሽ ገደማ እንዲቀነስ ተደረገ። ጤነኛ የነበሩት ሰዎች ከሰው መራቅ፣ መነጫነጭ፣ ሁልጊዜ መብረድ ጀመሩ፤ የምግብ አሠራር መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ እያነበቡ ምግብ በምግብ ሆኑ። የተራበ ጭንቅላት ሌላ ነገር ማሰብ አይችልም። ያቺ ቁጡ፣ ጋቢ ተከናንባ የምትንቀጠቀጥ ልጅ ጠባይዋ ተበላሽቶ አልነበረም። ርቧት ነው።

እስከ ሰኔ ድረስ ምስጢሯን ያዝኩ። አስምላኝ ነበር። ይህን ስጽፍ አሁንም ደረቴ ይጨንቀኛል፤ ስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ ራሷን ስታ እስክትወድቅ ድረስ ለማንም አልተናገርኩም። የዚያን ቀን ማታ ለእናቴ ነገርኳት፣ እናቴም እናቷ ጋ ደወለች። ጓደኛዬ አምስት ሳምንት አላናገረችኝም፣ "ከሃዲ" ብላ መልእክት ልካልኛለች። ዛሬ ቢሆን በመጀመሪያው ሳምንት ነበር የምናገረው። ጓደኛችሁ እንዲህ ሆኖ "ለማንም አትንገሩ" ካላችሁ፣ ለምታምኑት አንድ ትልቅ ሰው ንገሩ። ራሱን ከሳተ፣ ደረቱን ካመመው፣ ወይም መኖር አልፈልግም ካለ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ አምቡላንስ ጥሩ።

መጀመሪያ ያያት ሐኪም ክብደቷ ገና ያን ያህል አልወረደም ብሎ መለሳት። ያ ቃል ብዙ ጎዳን፤ ለእሷ "ገና አልታመምሽም፣ ቀጥዪ" እንደማለት ነው የተሰማት። ሰው በመልኩ ሳይከሳ በጠና ሊታመም ይችላል። እንግሊዝ ውስጥ ለልጆችና ለወጣቶች የወጣው ደንብ አስቸኳይ የሆነው በአንድ ሳምንት፣ ሌላው በአራት ሳምንት ሕክምና ይጀምር ይላል። እኛ ዘጠኝ ሳምንት ጠበቅን።

በዚያ ዘጠኝ ሳምንት ውስጥ እኔ የያዝኩት የቢትን የስልክ መስመር ነው። ቢት በአመጋገብ ሕመም ላይ የሚሠራ የብሪታኒያ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አለ፣ ለታመመው ብቻ ሳይሆን ለቤተሰብና ለጓደኛም ያወራል። ስልኩን ያነሳችው ሴት ሳትቸኩል ሰማችኝ። ከዚያ ያገኘሁትን በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ። ሐኪሟ አትሁኚ፣ ፖሊሷም አትሁኚ። ስለ ሰውነቷ ምንም አትበዪ፣ ደግም ቢሆን። እምቢ ብትልም መጋበዝሽን አታቋርጪ። እኔ ለካ መጋበዝ ካቆምኩ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር፤ እንዳትጨነቅ ብዬ። እሷ ግን የተረዳችው እንደረሳናት ነው።

ሕክምናው ሲጀመር ወላጆች ምግቡን ሙሉ በሙሉ ይረከባሉ። ይህ አሠራር እዚሁ ደቡብ ለንደን፣ ሞድስሊ ሆስፒታል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተጀመረ ነው። ምን እንደሚበላ፣ ምን ያህል፣ መቼ የሚወስኑት ወላጆች ናቸው፤ ልጁ እየዳነ ሲሄድ ውሳኔው ቀስ በቀስ ይመለስለታል። እናቷ ከሥራ ፈቃድ ወስደው በየማዕዱ አጠገቧ ቁጭ አሉ። መጀመሪያ ላይ "እኔ ነኝ ያበላሸኋት" እያሉ ያለቅሱ ነበር። በሽታውን ያመጣው ወላጅ እንዳልሆነ፣ የሚያድናት ግን የእሳቸው አጠገቧ መቀመጥ እንደሆነ ሲነገራቸው ነው ቀና ያሉት። የእኔ ድርሻ ትንሽ ነበር። አብሬ መብላትና ስለ ሌላ ነገር ማውራት። በቃ።

አሁን ወደ ቤቱ።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 ምግቧን ራሷ መምረጥ ስትጀምር እናቷ "ከጓደኛሽ ጋር ውጪና ብዪ" አሏት። የት እንሂድ? ብዙ ቅርንጫፍ ያላቸው ምግብ ቤቶች አልሆኑልንም። ከዚያው ዓመት ኤፕሪል 6 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ 250 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ምግብ ቤት ሜኑው ላይ ከእያንዳንዱ ምግብ ጎን ካሎሪ መጻፍ ግዴታው ሆኗል። የታሰበው ውፍረትን ለመቀነስ ነው። ለእሷ ግን ሜኑው የሒሳብ ፈተና ሆነባት፤ አንድ ቀን ሜኑውን እንደገለጠች ዘግታ ወጣች። (ሕጉ ደንበኛ ሲጠይቅ ቁጥር የሌለው ሜኑ መስጠትን ይፈቅዳል። ቤቱ ግን የማዘጋጀት ግዴታ የለበትም፣ ስለዚህ ቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ።)

የሀበሻው ቤት ሜኑ አንድ ወረቀት ነው። የምግቡ ስም፣ ዋጋው፣ አለቀ። በያይነቱ ለአንድ ሰው 13 ፓውንድ፣ ሽሮ 11፣ ጥብስ 15። ትሪ ላይ የፈሰሰ ወጥ ደግሞ ማንም ሊቆጥረው አይችልም። ይሄ መጀመሪያ አስፈራት፣ በኋላ ግን አሳረፋት።

የመጀመሪያው ቀን ግን ጥሩ አልነበረም፣ እውነቱን ልናገር። የቤቱ ባለቤት ሁላችንም እቴቴ የምንላቸው፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ናቸው። ገና ከመቀመጣችን መጥተው "ምነው የኔ ልጅ፣ እንዲህ ከሳሽ?" አሏት። ትሪው ሲመጣ በእንጀራ ጠቅልለው አጎረሷት። ጎረሰች። "አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ በሞቴ!" ብለው ሁለተኛውን አስከተሉ። ፊቷ ነጭ ሆነ። ከዚያ በኋላ አንድ ጉርሻ እንኳ አልበላችም፣ ወደ ቤት ስንሄድ ባቡር ውስጥ አለቀሰች።

የእኛ ሰው ፍቅሩን የሚያሳየው በማጉረስ ነው፤ እኔም እንደዚያው ነው ያደግሁት። ግን ለእሷ ምን እንደሚገባ፣ መጠኑ ምን ያህል እንደሆነ ከመጀመሩ በፊት ማወቅ ያኔ ብቸኛው መያዣዋ ነበር። ያልጠበቀችው ጉርሻ ያንን ነጠቃት። ሰላምታችንም እንደዚያው ነው። "ኑሮ ተስማማሽ" ስትባል፣ እናቷ ስድስት ወር የለፉበት ሁሉ በአንድ ቃል ይፈርሳል። "ቀጠንሽ፣ አማረብሽ" ስትባል ደግሞ በሽታው ይሸለማል።

በሳምንቱ ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። ሂጂ ሂጂ፣ ተይው ተይው ሲለኝ ነበር የቆየሁት፤ እናቴን የሚያክሉ ሰው እንዴት እንደማርም ጨንቆኝ። በጓዳው በር ቆሜ "እቴቴ፣ ስለ ሰውነቷ ሲያወሩባት ይከብዳታል፣ ማጉረሱንም ለጊዜው ቢተዉላት" አልኳቸው። በሽታዋን አልነገርኳቸውም፣ የእኔ ምስጢር ስላልሆነ። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠራርገው ዝም አሉ። "እኔ እኮ በፍቅር ነው" አሉ። አውቃለሁ አልኳቸው። ትንሽ ቆይተው "የእህቴም ልጅ እንዲህ ናት መሰለኝ" አሉና ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያየሁት መስተንግዶ ነው አምስት ኮከብ የሚገባው። ስለ መልኳም ስለ ኪሎዋም ቃል ወጥቷቸው አያውቅም። ሹሩባዋን ማን እንደሠራት ይጠይቋታል፣ ፈተና እንዴት ነበር ይሏታል። አስተናጋጆቹንም እንደነገሩ ያስታውቃል፤ አንዷ አዲስ ገብታ "ትንሽ ነው የበላሽው" ልትል ስትጀምር ከኋላ በዓይናቸው ያዟት። ለየብቻ ሳህን ስንጠይቅ ያለ ጥያቄ አመጡልን። ሀበሻ ቤት ውስጥ ለየብቻ መብላት ጥል እንደሚመስል ታውቃላችሁ። እነሱ ግን አንድ እንጀራ፣ አንድ ጭልፋ ምስር፣ አንድ ጭልፋ አልጫ፣ ጎመን፣ በሄድን ቁጥር ያንኑ መጠን ሰፍረው ያመጡላታል። ትርፉን ይዞ መቅረብ የለም፣ "ልጨምርልሽ?" የለም። ስትፈልግ ትጠይቃለች። በትልቁ ትሪ አብረን የበላነው ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ባለፈው ዓመት ነው፣ ራሷ ናት "ዛሬ ሳህን አያስፈልግም" ያለችው። እኔም ምንም አላልኩም፣ ስለ ፊልም ማውራቴን ቀጠልኩ። እጄ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቡናቸውን ለብቻው ማንሳት አለብኝ። ለእሷ ከመብላቱ ይልቅ ከበላች በኋላ ያለው ሰዓት ነበር የሚከብዳት። ጸጸቱ ያኔ ነው የሚመጣው፤ መነሳት፣ መሄድ፣ የበላችውን ከራሷ ላይ ማውጣት ትፈልጋለች። ለዚህ ነው ሕክምናው ላይ ወላጆች ከማዕዱ በኋላም አብረዋት እንዲቆዩ የሚነገራቸው። እዚህ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ይፈላል። ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ቡናው ሲቆላ ይዞራል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፣ ሳይጨርሱ መነሳት ደግሞ ነውር ነው። ማንም "ቁጭ በይ" ሳይላት ቁጭ ትላለች። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቡናውን ራሱን አትጠጣም ነበር፤ ስትታመም በምግብ ፋንታ ቡና ትጠጣ ስለነበር ከልክለዋታል። ፈንዲሻውን በእጇ ይዛ ጭሱን እያሸተተች ትቀመጣለች። እቴቴም ሲኒዋን ባዶ ሲያዩ ለምን ሳይሉ አልፈው ለሚቀጥለው ይቀዳሉ። እናቶቻችን ያወረሱን ነገር እንዲህ ይጠቅመናል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ስለ ምግቡ ባጭሩ። ሽሮው ተጋቢኖ ነው፣ እየፈላ ነው የሚመጣው፣ ጥሩ ነው። አልጫው ለስላሳ ነው፣ ለሆድ አይከብድም። ጥብሱ አንዳንዴ ይደርቃል፣ ጨውም ይበዛዋል። እንጀራው ቅዳሜ ትኩስ ነው፣ እሑድ ማታ የሄዱ ሰዎች ግን ደርቆ እንዳገኙት ነግረውኛል። ጠረጴዛዎቹ የተጠጋጉ ናቸው፤ ሰው እንዲያያት የማይፈልግ ጓደኛ ካላችሁ ከግድግዳው ጋ ያለውን ጥግ ያዙ፣ ጀርባዋን ለቤቱ ሰጥታ ትቀመጥ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት በፊት ከሄዳችሁ ትደርሳላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ግርግር ነው።

አምስት ኮከብ ያልሰጠሁት ለአንድ ነገር ነው። ባንኮኒው ላይ፣ ሒሳብ የምንከፍልበት ቦታ፣ የክብደት መቀነሻ ሻይ ይሸጣሉ። ካርቶኑ ላይ የሴት ወገብ አለ፣ ከጎኑ በ14 ቀን የሚል ጽሑፍ። ጓደኛዬ ስትታመም መጀመሪያ የገዛችው ነገር እንዲህ ያለ ሻይ ነበር። ሁልጊዜ እኔ ልክፈል የምለው ለዚህ ነው፣ ወደዚያ እንዳትሄድ። ሦስት ጊዜ ተናግሬያለሁ። አንድ ጊዜ አንስተውት ነበር፣ ከወር በኋላ ተመለሰ፤ የሚያቀርበው ዘመድ እንደሆነ ነገሩኝ። ባለፈው ቅዳሜ እንደገና ስጠይቃቸው "ያለው ይለቅና ሌላ አላመጣም የኔ ልጅ" አሉኝ። ስወጣ ቆጥሬዋለሁ፣ ዘጠኝ ካርቶን ቀርቷል።